ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ንግግር፦ ስለ አዲስ አበባ ሙዚቃና ቴአትር የምንነጋገርበት ቋንቋ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ጽሑፉ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ ነው።)



ለዚህ ንግግር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «የአዲስ አበባ ቴአትርና ሙዚቃ ታሪክ» የሚል ነበር። ሰፊ ርእስ ነው፤ በአንድ ምሽት የሚያልቅ አይደለም፤ ከእኔ የተሻሉ ሰዎችም ጽፈውበታል። ስለዚህ አዘጋጆቹን ይቅርታ ጠይቄ ርእሱን አጠበብኩት። ዛሬ የምናገረው መድረክ ላይ ስለሚሆነው ነገር ሳይሆን፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ምን ይላል? የሚለውስ የት ይደርሳል?

እሑድ አመሻሽ ላይ ከብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ የቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሰዉ ይወጣል፤ ዐይኑን ከብርሃኑ ጋር ያላምዳል፤ አንዳንዱ ወደ ለገሃር፣ አንዳንዱ ሽቅብ ወደ ቸርችል ጎዳና ይበተናል። ጥቂቱ ግን አይበተንም። ከአንበሳው ሐውልት አጠገብ ሁለት ሦስት ሆኖ ይቆማል። «እንዴት ነው?» ይላል አንዱ። «አሪፍ ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ዝም ይላል። እኔን ሠላሳ ዓመት ያሳሰበኝ ያ ሦስተኛው ሰው ነው። የሚለው አለው፤ የሚናገርበት ቃል ግን አላገኘም፤ ወይም ቃሉን ፈርቶታል።

ቃሉን መፍራት ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ለዚህ ነገር በአማርኛ ያሉንን ቃላት እስቲ እንያቸው። «ሂስ» አለ። በትምህርት ክፍላችን የምናስተምረው በዚህ ስም ነው። ነገር ግን በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው «ሂስ» ብቻውን አይመጣም፤ «ሂስና ግለ ሂስ» ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰው በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ራሱን የሚከስበት፣ ባልንጀራውም የሚከስበት ዘመን ያተመው ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቃል ለአንድ የቴአትር ምሽት ቀልሎ አይነሣም። «ትችት» አለ፤ ሲነገር ጀምሮ ማጣጣል ነው፤ «ተቸው» ማለት በሕዝብ አፍ «ዘለፈው» ማለት ሆኗል። «አስተያየት» አለ፤ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ከቢሮ ሣጥን ላይ የተለጠፈ ቃል በመሆኑ ማንም ከልቡ አይጽፍበትም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በሥራ ላይ ያለው አራተኛው ነው፤ «ሐሜት»። ስለ ሥነ ጥበብ ያለን እውነተኛ ፍርድ አብዛኛው የሚነገረው በሐሜት መልክ ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ማስረጃ ሳይጠየቅ። ስለዚህ አንድ ተዋናይ በአርባ ዓመት የሙያ ዘመኑ ጭብጨባና ሐሜት እንጂ ሌላ ሳይሰማ ጡረታ ሊወጣ ይችላል።

እኔ ራሴ ይህን ትምህርት የጀመርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ የአውቶቡስ ገንዘብ በቴአትር ቤት መግቢያ ላይ ስለሚያልቅ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ስድስት ኪሎ በእግር እንመለስ ነበር። ቸርችልን ሽቅብ ስንወጣ ገና ስለ ተዋናዮቹ መልክና ልብስ ነው የምናወራው። ፒያሳ ስንደርስ ስለ ታሪኩ እንከራከራለን። አራት ኪሎ ላይ ግን አንድ ጓደኛችን፣ አፈ ጉባኤያችን እንለው ነበር፣ ቆም ይልና «ቆይ፣ ያ ሽማግሌ በሁለተኛው ገቢር ለምን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም?» ብሎ ይጠይቃል። ነገሩ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለችው አጭር መንገድ ላይ የተማርኩት በኋላ በሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ከተማርኩት ያንሳል ለማለት አልደፍርም። ያ ጓደኛችን ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

የዘመናዊው ቴአትራችን የመጀመሪያ ሥራ የሆነው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜድያ» በ1910ዎቹ ለመኳንንቱ ሲታይ፣ የተሰጠው ምላሽ እገዳ ነበር። የእንስሳት ተረት ለብሶ የቀረበውን ነገር ተመልካቾቹ በትክክል ገብቷቸዋል ማለት ነው። እኔ ይህን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ የምናገረው በሐዘን ብቻ አይደለም። እገዳ መጥፎ ነገር ነው፤ ሆኖም ያገዱት ሰዎች ቴአትሩን በሚገባ አንብበውታል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ነበራቸው። ችግሩ ያነበቡትን ለመናገር ከእገዳ በቀር ሌላ ቋንቋ አለመኖሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤ መጡ፤ ከእሳቸው ጋርም ሙዚቃው መጣ። በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከሙዚቃ መምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ኬቮርክ ዜማውን፣ ዮፍታሔ ግጥሙን ሠርተው የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር አዘጋጁ። ይህን የማነሣው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ በዚህች ከተማ ሙዚቃና ቴአትር ከመጀመሪያው መንታ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. መኰንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት የሀገር ፍቅር ማኅበር ወረራው በደጅ በቆመበት ወራት ሕዝብ የሚቀሰቅሰው በንግግር፣ በዘፈንና በድራማ ነበር። ከነጻነት በኋላም ሀገር ፍቅር ቴአትር ይህንኑ ጠባይ ይዞ ቆየ፤ አንድ ሰው ትኬት ቆርጦ ሲገባ ክራርም፣ ጭፈራም፣ ቧልትም፣ ድራማም በአንድ ምሽት ያገኝ ነበር። አስናቀች ወርቁን የመሰለች ሴት ክራር ተጫዋችም ተዋናይም የሆነችው በዚህ ባሕል ነው። ከእሷና ከዘመን ጓደኞቿ በፊት የሴቶቹን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ነጠላ ደርበው ይጫወቱ እንደነበር እናስታውስ። ጥላሁን ገሠሠም ወደ ክብር ዘበኛ ከመሻገሩ በፊት የተሟሸው እዚያ ነው።

እኛ ግን በዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ለየናቸው። ሙዚቃው ለያሬድ፣ ቴአትሩ ለቴአትር ጥበባት ሆነ። ለትምህርት አደረጃጀት ጥሩ ነው። ነገር ግን በዚህ ምክንያት የሀገር ፍቅርን አንድ ምሽት በሙሉ ሊያስረዳ የሚችል ተመራቂ አላፈራንም። ግማሹን የሚያስረዳ አፍርተናል።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የሃያ አምስተኛ ዓመት የንግሥ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። የመክፈቻው ሥራ የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ደራሲው ሹም፣ ተመልካቹ ንጉሠ ነገሥት፣ ጉዳዩ ደግሞ የንጉሥ ኃጢአት! በማግሥቱ በከተማው ምን ተባለ? ይህን ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ጋዜጣ ቢያገላብጥ የክብር እንግዶችን ዝርዝርና የአዳራሹን ውበት ያገኛል። ንጉሥ ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ሲያስገድል ሰገነቱን ቀና ብሎ ያየ ሰው ስለ መኖሩ ግን ጋዜጣው አይነግረውም።

ታዲያ ፍርዱ የት ነበር? እኔ የማምነው አዝማሪ ቤት ነበር ብዬ ነው። ወጣቶቹ «መሸታ ቤትና ሂስ ምን አገናኘው» እንዳትሉኝ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ተቀበል!» ሲባል ሰምታችኋል። አድማጩ ከመቀመጫው ሆኖ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ቃሉን ከአፉ ይነጥቅና በዜማው ያዘምመዋል፤ ሲመልሰው ግን እንደተሰጠው አይመልሰውም፤ አንድ ቃል ያጠብቃል ወይም ያላላል፤ ሙገሳው ስድብ፣ ስድቡ ሙገሳ ይሆናል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ የተነካውም ሰው አብሮ ይስቃል፤ ባይስቅ ሁለተኛ ተነካ ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ሥራ አለ፣ ተመልካች አለ፣ በሥራው ላይ የሚሰጥ ፍርድ አለ፣ ለፍርዱም የሚሰጥ መልስ አለ፤ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ ፊት ለፊት። ሐሜት የማይሆነው ባለቤቱ ስላለ ነው። ስብሰባ የማይሆነው ደግሞ ዜማ ስላለው ነው። ከዚህ የተሻለ የሂስ ተቋም ከተማችን ሠርታለች ብዬ አላምንም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሲነጋ አንዳችም አይተርፍም።

ስለ ታላላቆቹ ጸሐፌ ተውኔቶች ለማውራት ዛሬ ጊዜ የለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ ሲያመጣ፣ የራሱንም ሥራዎች ሲያቀርብ፣ ከተመልካቹ ይሰማ የነበረው አንዱ አስተያየት «ቋንቋው ይከብዳል» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ዛሬም ይደገማል። «ይከብዳል» የሚለው ሰው ግን በማግሥቱ ያንኑ የከበደውን ንግግር በቃሉ ሲወጣው እናገኘዋለን። ስለዚህ «ይከብዳል» ማለት «አልወደድኩትም» ማለት አልነበረም። «ሌላ ቃል አጣሁ» ማለት ነበር። በአንጻሩ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲያቀርብ ሰው «ያስቃል» ብሎ ሄደ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ብሎ ዘመድ አዝማድ ሲያስጨንቅ ማየት ያስቃል፤ እውነት ነው። ግን በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ስንቶቹ እቤታቸው ሠራተኛ እንደነበራቸው አስቡት። «ይከብዳል» እና «ያስቃል»፤ ሁለቱን ትልልቅ ጸሐፊዎቻችንን በሁለት ግሥ ሸኘናቸው።

ሦስተኛው ደግሞ አለ፤ ከሁሉ የባሰው። «መልእክቱ ምንድን ነው?» ተማሪዎቼ ይህ ጥያቄ በክፍሌ የተከለከለ መሆኑን ያውቃሉ። (ሣቅ) ቴአትርን እንደ ፖስታ ቤት የማየት ልማድ ነው። ጋዜጠኛው ይጠይቃል፤ ደራሲውም እንደ ፖስተኛ ይመልሳል፤ «እያዝናና የሚያስተምር ነው» ይባላል፤ ያልቃል። ተዋናይዋ በዝምታዋ ምን እንደሠራች፣ አዘጋጁ በሩን ለምን በግራ በኩል እንዳደረገው፣ ሙዚቀኛው ለምን ትዝታን ትቶ አንቺ ሆዬን እንደመረጠ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ አግባብ አይሆንም።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። እኔም ወጣት መምህር ነበርኩ፤ ብዕሬም ትኩስ ነበር። ዛሬ በሌለ አንድ ጋዜጣ ላይ የቴአትር ዓምድ ተሰጠኝ። አንድ ቅዳሜ፣ ስሙን በማልጠራው ቤት፣ አንዲት አንጋፋ ተዋናይ የእናት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ አየሁና ጻፍኩ። «ድምፃቸው ደክሟል፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አይሰማም፤ ከተናጋሪው ፊታቸውን አዙረው ከመጋረጃው ጋር ያወራሉ» አልኩ። ሌላም ጨመርኩ፤ እሱን አልደግመውም። ጓደኞቼ «ደፋር ነህ» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ እኒያ ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። አወቁኝ። ሻይ እየቀረበልን ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «ስለ ድምፄ የጻፍከው እውነት ነው፤ አልተሰማም። ስለ መብራቱ ግን ምነው ዝም አልክ?»

ምን መብራት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አስረዱኝ። በዚያ ሰሞን የቤቱ የፊት ለፊት መብራቶች አይሠሩም፤ የሚሠሩት በግራ ጎን ያሉ ሁለት ብቻ ነበሩ። ወደ ተመልካቹ ቢዞሩ ድምፃቸው ይሰማል፤ ፊታቸው ግን ጨለማ ይሆናል። ወደ ብርሃኑ ቢዞሩ ፊታቸው ይታያል፤ ድምፃቸው ግን መጋረጃው ውስጥ ይቀራል። «ልጇ የሞተባት እናት ናት፤ ፊቷ ካልታየ ምኑን እናት ሆነች ብዬ ፊቱን መረጥኩ» አሉኝ። ከዚያ ሻዩን አንሥተው «በል ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አሉ።

እኒያ ሴት በዚያች ምሽት ከባድ የመድረክ ውሳኔ ወስነዋል። ምክንያታቸውን ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያውቁታል። እኔ አምስተኛው ረድፍ ተቀምጬ ጣሪያውን ቀና ብዬ ስንት መብራት እንደሚበራ ሳልቆጥር ስለ እሳቸው እርጅና ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ አዳራሽ ስገባ አስቀድሜ መብራት እቆጥራለሁ። ተማሪዎቼንም አስቆጥራለሁ፤ የሚያስቃቸውም አሉ።

ወደ ሙዚቃው ልለፍ፤ እዚያ ደግሞ ሌላ መልክ አለው።

«ወርቃማው ዘመን» ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ አብዮቱ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። ይህ ስም እንዴት እንደተለጠፈ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሸክላ የማስቀረጽና የማስገባት መብት በመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1961 ዓ.ም. ገደማ ይህን ደፍሮ አለማየሁ እሸቴን በሸክላ አስቀረጸ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የወጡት ሸክላዎች ናቸው ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው። አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊው መጣ፤ ውቤ በረሃ ጨለመ። ሙዚቃው ወደ ሆቴሎች ገባ፤ ዋልያስ በሂልተን፣ ሌሎችም በግዮንና በራስ ሆቴል። ሰዓት ያለፈበት ሰው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚጨፍርበት ዘመን ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ሸክላው ከየቤቱ ቁም ሣጥን ሥር ገባ።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን ሸክላዎች ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አሳተመ። በኋላም በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ጂም ጃርሙሽ በሠራው ፊልም በዓለም ተሰማ። ዋልያስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲመለስ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። በ1977 ዓ.ም. በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ለብቻው የቀረጸውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በ2005 ዓ.ም. እንደገና አወጣው፤ ኃይሉም ከመሪው ወደ መድረክ ተመለሰ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔም በደስታ እተርከዋለሁ። ስተርከው ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያ ካሴት እኛ ቤት ነበር። ወንድሜ ጨርሶ አድርቆት፣ ክሩ በእርሳስ እየተጠቀለለ። ጥሩ መሆኑን እናውቅ ነበር። ለምን ጥሩ እንደሆነ ግን አንዳችን አንድ ገጽ አልጻፍንም።

ፋልሴቶን የሚወቅሱ አሉ፤ «ሙዚቃችንን ሸጠብን» የሚሉ። የመብትና የክፍያ ጉዳይ ሊነሣ ይገባዋል፤ እሱን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። እኔ ግን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ዜማውን ማን አቀናበረ ብሎ የጠየቀና መልሱን ያሳተመ እሱ ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ለማ ደምሰው፣ ግርማ በየነ፤ እነዚህ ስሞች በእኔ ትውልድ ቤት ውስጥ አይጠሩም ነበር። ካሴቱ ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ጀርባው ላይ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ አለ፤ ሳክስፎኑን የነፋው ሰው የለም። «ወርቃማ» የሚለውም ቃል ከእጅ ሥራው ይልቅ ናፍቆቱን የሚናገር ቃል ነው። ከእነዚያ ድምፃውያንና ሙዚቀኞች ብዙዎቹ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ደመወዝተኞች እንደነበሩ፣ የሙዚቃ ኖታ የሚያነቡት ሠራዊቱ ስላስተማራቸው እንደሆነ «ወርቃማ» ብሎ የሚያልፍ ሰው አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ከተማው ልምጣ፤ ሰዓቴም እየገፋ ነው።

የአዲስ አበባ ቴአትር ከብዙ አገር የሚለይበት አንድ ልማድ አለው። አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይታያል፤ ነገር ግን ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ማክሰኞ የእገሌ ቴአትር፣ ኀሙስ የእገሌ ይባላል። የውጭ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ። እኔ ግን የዚህ ልማድ ትልቁ ጥቅም በሁለቱ ትርኢቶች መካከል ያሉት ስድስት ቀናት ናቸው እላለሁ። በእነዚያ ስድስት ቀናት ወሬው ይሠራል። ያየችው ላላየችው ትነግራለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናቷን ይዛ ትመጣለች፤ ተዋናዩም በስድስቱ ቀን በካፌ፣ በታክሲ፣ በሠርግ ቤት የሚባለውን ይሰማና ሰባተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ይለውጣል። ከአርባ ሳምንት በኋላ የሚታየው ቴአትር የመጀመሪያው አይደለም። ከተማው አብሮ ጽፎታል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የቪዲዮ ፊልም ሲስፋፋ፣ አዳራሽም ተዋናይም ተመልካችም ወደዚያ ሲያደላ፣ የተነካው ገቢው ብቻ አይደለም፤ ይህ የስድስት ቀን ሥራም ነው። ፊልም በማግሥቱ የሚለወጥ ነገር የለውም።

ወሬው የሚሠራበት ቦታም ያስፈልጋል። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ አብሮ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲነሡ፣ ከመኖሪያ ቤቶቹ ጋር አዝማሪ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶች፣ ጠባብ ቡና ቤቶች ተነሡ። ፈንዲቃም ለብዙ ዓመታት ከኖረበት ከካዛንቺስ ለቅቋል። ከተማ መታደስ አለበት፤ ጣሪያቸው የሚያፈስ ቤቶች ውስጥ የኖረ ሰው ስለ ቅርስ ሲሰበክለት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያደግሁት። የምጠይቀው ጠባብ ጥያቄ ነው። የአዳራሾቹ ንድፍ ሲሠራ አይቻለሁ፤ መድረኩ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ የመኪና ማቆሚያው አለ። ከትርኢቱ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት የት ናት? ሰው የት ይቆማል? ሻዩ ስንት ብር ነው? ታክሲው እስከ ስንት ሰዓት አለ? ለትኬቱ ገንዘብ አጠራቅሞ የመጣ ተማሪ ከትኬቱ የሚበልጥ የማኪያቶ ዋጋ ካየ ዝም ብሎ ወደ ሰልፉ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ሰው የነበረው አንደኛም ሁለተኛም ሳያገኝ ይቀራል።

በየቤቱ ያሉ ወረቀቶችም አሉ። በመንግሥት ቴአትር ቤቶች አንድ ድርሰት መድረክ ከመውጣቱ በፊት በገምጋሚዎች ይነበባል፤ አስተያየትም ይጻፍበታል። ገባችሁ አይደል? በአገራችን ስለ ተውኔት በጥንቃቄ፣ በረጅሙ፣ በምክንያት የተጻፈው ሂስ ያለው በእነዚያ ፋይሎች ውስጥ ነው። አንዳንዱ ፍርሃት የጻፈው ነው፤ አንዳንዱ ግን እውነተኛ ንባብ ነው። ደራሲው አንድ መስመር ውሳኔ ይደርሰዋል፤ ገጾቹ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ዕድሳትና የቢሮ ዝውውር በመጣ ቁጥር መደርደሪያው ይቀንሳል። ከተመራቂ ተማሪዎቼ አንዷ እንዲህ ያለ ፋይል ፍለጋ ሦስት ወር ተመላልሳ ያገኘችው የፋይል መዝገቡን ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ አለ፣ ወረቀቱ የለም።

ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ትንሽ ሥራ ይዘናል። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ትርኢት ያያል፤ ስለ ትርኢቱ ግን አይጽፍም። የሚጽፈው ከበሩ ውጭ ያለውን አሥር ደቂቃ ነው፤ ፈቃድ ጠይቆ፣ ስም ሳይጽፍ። መጀመሪያ ላይ «አሪፍ ነው»፣ «አሪፍ ነው» የሚል ብቻ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ተስፋ ቆርጬም ነበር። ኋላ «እንዴት ነው?» ማለቱን ትተው «የቱ ጋ ነው ያዘኑት?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። አንዲት ባልቴት ከሀገር ፍቅር ሲወጡ ምን እንዳሉ ከማስታወሻው ላንብብላችሁ፤ «ልጅቱ ስታለቅስ አላዘንኩም። ካለቀሰች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሣ ግን አቃተኝ። እናቴ እንዲያ ነበረች»። እኔ በዓምዴ ላይ በጻፍኳቸው ዓመታት ሁሉ ስለ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ይህን ያህል አልጻፍኩም።

ማስታወሻ ደብተሮቹ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ማንበብ ይቻላል፤ መውሰድ አይቻልም። (ሣቅ) እቤታችሁ የቆየ የቴአትር ፕሮግራም፣ የትኬት ጉርጃ፣ የካሴት ሽፋን ያላችሁም ብታሳዩን በካሜራ አንሥተን እንመልስላችኋለን።

ለጥያቄ ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ከፊተኛው ረድፍ ዳር የተቀመጡትን ጋሼን ሁላችሁም ታያላችሁ። በዚህች ከተማ ቴአትር ቤቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ የመብራት ባለሙያ ሆነው ሠርተዋል፤ ስማቸውን እሳቸው ይንገሯችሁ፤ በፖስተር ላይ ተጽፎ አያውቅምና። ያን ቅዳሜ፣ እኔ ያን ነገር በጻፍኩበት ምሽት፣ ከላይ ከመብራቱ ክፍል የነበሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው። የፊት ለፊት መብራቶቹ ለምን እንዳልበሩ ብጠይቃቸው «በሰው ፊት ነው የምነግርህ» አሉኝ።

ማይክሮፎኑን ለእሳቸው አሳልፉልኝ።